ሙዚየሞቻችን አስተማሪ ይቅጠሩ

ረዘም ያለ ጽሁፍ ነው። ታክሲ ሰልፍ ላይ ያላችሁ አሁን አንብቡት፣ ስራ ላይ ያላችሁ ደግሞ ማታ ተመለሱበት።

ከቦሌ በታክሲ ስትመጡ መስቀል አደባባይ ልትደርሱ ስትሉ ያለውን የቀይ ሽብር ሰማዕታት ሙዚየም ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ታውቁታላችሁ ስል ደጃፉን ማለቴ ነው። በቀደም 11ኛ ክፍል ገብቼ "በዚያ በኩል በሳምንት አንዴም ቢሆን የሚያልፍ?" ብዬ ጠየቅኩ። ክፍሉ በሙሉ እጁን አወጣ ማለት ይቻላል። "ውስጡ የገባስ?" አልኩ። ሶስት እጅ። ከሶስቱ አንዱ የገባው ዝናብ ሊጠለል ነበር። ሳቅን፤ ግን ልጁ እውነቱን ነው የተናገረው፣ ቢያንስ እሱ ገብቷል።

ልጆቹን ለመውቀስ አይደለም ይህን የምጽፈው። ምክንያቴ ሌላ ነው። አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ ታሪክ አጥንታ ተመርቃለች (ስሟን አልጠራም፣ ባቾቿ ታውቋታላችሁ)። አንድ ሙዚየም ለ"ትምህርት ፕሮግራምና ዝግጅት ባለሙያ" ያወጣውን የስራ ማስታወቂያ አይታ "ቲቸር፣ ይሄ ደግሞ ምን አይነት ስራ ነው? ልወዳደር ወይስ የባንኩን ፈተና ልጠብቅ?" ብላ ጻፈችልኝ። እናቷ "ይሄን ሁሉ ዓመት የተማርሽው ፈረንጅ ለማስጎብኘት ነው?" ብለዋታል። በውስጥ መስመር አጭር መልስ ልሰጣት ጀመርኩና አላልቅ አለኝ። ጉዳዩ የእሷ ብቻ እንዳልሆነ ስለገባኝም እዚህ አመጣሁት።

እናቷን አልፈርድባቸውም። አብዛኞቻችን ሙዚየም ውስጥ ያየነው ሰው ወይ ትኬት ቆራጭ፣ ወይ ጥበቃ፣ ወይ አስጎብኚ ነው። አስተማሪ አይተን አናውቅም። ለምን አላየንም ቢባል፣ ብዙ ቦታ ስለሌለ ነው።

የተለመደውን የትምህርት ቤት ጉብኝት ታውቁታላችሁ፣ ሁላችሁም አልፋችሁበታል። ወሩ መጋቢት ወይ ሚያዝያ ነው። ሁለት አውቶቡስ፣ 120 ልጅ፣ ሶስት መምህር። ከአያት በኩል ተነስተን መገናኛ ጋ አንድ ሰዓት እንቆማለን። እንደደረስን ሰልፍ፣ ፍተሻ፣ "እንዳትነኩ"፣ "እንዳትሮጡ"፣ "ስልክ አጥፉ"። አስጎብኚው ከፊት ሆኖ ይናገራል፤ የመጀመሪያዎቹ 15 ልጆች ይሰማሉ፣ መካከል ያሉት የፊተኞቹን ጀርባ ያያሉ፣ የኋለኞቹ ቪዲዮ ይሰራሉ። 40 ደቂቃ። ከዚያ ደረጃው ላይ የቡድን ፎቶ፣ ከዚያ ሳንዱዊች፣ ከዚያ ወደ ቤት። በሳምንቱ ደግሞ "ተማሪዎች በቂ ግንዛቤ አግኝተዋል" የሚል ሪፖርት ይጻፋል። ይህቺ "ግንዛቤ" የምትባል ቃል በሀገራችን የማትሸፍነው ነገር የለም።

አስጎብኚውንም አልወቅስም። ያ ሰው ጠዋት 3 ሰዓት ላይ እንግዶች ከኤምባሲ ተቀብሏል፣ 4 ሰዓት ላይ ቱሪስቶች፣ 5 ሰዓት ላይ የእኔን 120 ልጆች። ለሶስቱም ያው የሚታወቅ ንግግር ነው ያለው። ስራው ማስጎብኘት ነው፣ እሱንም በደንብ ይሰራዋል። ማስተማር ግን ሌላ ሙያ ነው። አንድ የ15 ዓመት ልጅ ፊት ላይ "አልገባኝም" የሚለውን አይቶ መንገድ መቀየር፣ መልስ ከመስጠት በፊት ዝም ብሎ መጠበቅ፣ ከኋላ የቆመችውን ዝምተኛ ልጅ ማናገር፤ ይህ የሚለመደው በዓመታት ነው። እኛ መምህራን ሌላው ሁሉ ቢቀርብን ይህን እናውቃለን።

እኔ ሁለት ክረምት በአንድ ሙዚየም (ስሙ ይቆየን) የተማሪዎች ፕሮግራም ላይ በበጎ ፈቃድ ሰርቻለሁ። ስራው ምን እንደሚመስል የማውቀው ከዚያ ነው። ከተማርኩት ሁሉ የሚበልጠው ትንሽ ማሳየት ነው። 200 ዕቃ ያየ ልጅ ማታ ቤቱ ሲገባ አንዱንም አያስታውስም። ሶስት ዕቃ መርጠህ፣ 12 ወይ 15 ልጅ ይዘህ፣ አንዱ ላይ 20 ደቂቃ ስትቀመጥ ግን ልጁ እናቱን "ታውቂያለሽ ግን" እያለ ሲያደክማት ያመሻል።

ምሳሌ ልስጥ። ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ፣ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም ያለበት ገነተ ልዑል ቤተ መንግስት ፊት ለፊት፣ ወደ ሰማይ የሚወጣና የትም የማያደርስ የድንጋይ ደረጃ አለ። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ያቆሙት ነው፤ እያንዳንዱ ደረጃ ሙሶሊኒ ስልጣን ከያዘ ጀምሮ ያለፈ አንድ ዓመት ነው። ከላይ ጫፉ ላይ ደግሞ የይሁዳ አንበሳ ተቀምጧል። ልጆቹን እዚያ ሳቆማቸው ምንም አልነግራቸውም። "ቁጠሩ" ብቻ ነው የምላቸው። ይቆጥራሉ፣ በቁጥሩ ይጣላሉ፣ እንደገና ይቆጥራሉ። ከዚያ እጠይቃለሁ፦ ደረጃ ከሆነ ወዴት ነው የሚያወጣው? ማን ሰራው? አንበሳውንስ ማን አወጣው? ጠላት ሲሄድ ለምን አላፈረሱትም? አንዱ የ9ኛ ክፍል ልጅ "ቲቸር፣ ከማፍረስ እላዩ ላይ መቀመጥ አይበልጥም?" አለኝ። ይህን የሚያስገኝ የመማሪያ መጽሐፍ አላየሁም።

ከዚያ በኋላ ነው እንግዲህ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ግራዚያኒ ላይ ቦምብ የጣሉት በዚሁ ግቢ እንደነበር የምነግራቸው። ሶስት ቀን ሙሉ የከተማው ህዝብ እንደተጨፈጨፈ። ልጆቹ የቆሙበትን መሬት ቁልቁል ያያሉ። ከግቢው ወጥተን አደባባዩ ላይ ያለውን የሰማዕታት ሐውልት እናያለን፣ ያን ጊዜ ማንም ዝም በሉ ሳይላቸው ዝም ይላሉ። ይህ ሁሉ 50 ደቂቃ ነው የፈጀው። ከ120 ልጅ ጋር ግን አይሆንም፣ ያለ ዝግጅትም አይሆንም። ልጆቹ ከመምጣታቸው በፊት ትምህርት ቤቱ ሄዶ መምህሩን የሚያገኝ፣ ምዕራፉ የት እንደደረሰ የሚጠይቅ፣ ከጉብኝቱ በኋላም ምን እንደቀረ የሚያይ ሰው ይፈልጋል። ተማሪዬ የጠየቀችኝ ስራ ይሄ ነው።

ሌላ ልጨምር፣ ይህቺን በጣም ነው የምወዳት። ቅዳሜ ህዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ "60ዎቹ" የሚባሉትን የንጉሱን ባለስልጣናትና መኮንኖች ረሸነ። በማግስቱ እሁድ ህዳር 15 አፋር ውስጥ ሐዳር ላይ የድንቅነሽ አጥንት ተገኘ። አንድ ቅዳሜና እሁድ ነው! አዲስ አበባ ላይ ሬሳ እየተቀበረ፣ ሐዳር ላይ 3.2 ሚሊዮን ዓመት የተቀበረች ፍጡር ትወጣለች። በትምህርት ቤት ግን አንዱ የባዮሎጂ ርዕስ ነው፣ ሌላው የታሪክ፤ ያውም በተለያየ ዓመት። አምስት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየም ድንቅነሽን ያዩ ልጆች መስቀል አደባባይ ወርደው የቀይ ሽብሩን ሙዚየም ሲያዩ "የት ነበርኩ? የትኛው ሳምንት ነበር?" ብለው እንዲያገናኙ የሚያደርግ ሰው ያስፈልጋል። ዕቃ ራሱ አይናገርም። ሰዎች "ቅርስ ይናገራል" ሲሉ እሰማለሁ፣ እኔ እስካሁን የተናገረ ድንጋይ አላጋጠመኝም።

በነገራችን ላይ የቋንቋውን ነገር አትርሱ። ልጆቻችን ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ታሪክ የሚማሩት በእንግሊዝኛ ነው። ስለ አድዋ በእንግሊዝኛ፣ ስለ አያቱ መንደር በእንግሊዝኛ። ክፍል ውስጥ ጎበዝ የምንለው ልጅ አንዳንዴ ታሪክ የገባው ሳይሆን እንግሊዝኛ የገባው ነው። ሙዚየም ውስጥ ግን አያቱ በሚያወሩበት ቋንቋ ነው የሚሰማው። ክፍል ውስጥ ዓመቱን ሙሉ አፉን ከፍቶ የማያውቅ ልጅ ሙዚየም ሲገባ ጠያቂ ሲሆን ደጋግሜ አይቻለሁ። ለዚህ ብቻ እንኳ ሙዚየም ሁለተኛ መማሪያ ክፍል መሆን ነበረበት።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ።

የቀይ ሽብር ሰማዕታት ሙዚየም የተከፈተው በ2002 ዓ.ም. ነው። ውስጡ የሟቾች ፎቶ ግድግዳ ሙሉ ነው። አብዛኞቹ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎቼን ዕድሜ የሚሆኑ ልጆች ናቸው፤ አፍሮ ጸጉር፣ ሰፊ ኮሌታ፣ የመታወቂያ ፎቶ ፈገግታ። ከጅምላ መቃብር የወጣ አጥንት አለ፣ ልብስ አለ፣ የኪስ ዕቃ አለ። ከደጃፉ ወጥታችሁ የምታዩት አደባባይ ደግሞ ያኔ አብዮት አደባባይ ይባል ነበር፤ ሚያዝያ 1969 መንግስቱ ኃይለማርያም ደም መሳይ ቀይ ፈሳሽ የተሞሉ ጠርሙሶች የወረወረው እዚያው ነው። ልጆቹ አደባባዩን የሚያውቁት በደመራና በታላቁ ሩጫ ነው። ሁለቱን ስታገናኝላቸው ፊታቸው ሲቀየር ታያለህ።

እዚያ ካስጎበኙት ሰዎች መካከል ራሳቸው የታሰሩ፣ የተገረፉ፣ ጓደኞቻቸውን የቀበሩ (ወይም ለመቀበር እንኳ ያላገኙ) አሉ። የእነሱን ንግግር የሰማ ሰው መቼም አይረሳውም። አንድ አባት "እዚህ ጋ ያለው ጓደኛዬ ነው" ብለው ጣታቸውን ፎቶ ላይ ሲያሳርፉ ክፍሉ ውስጥ አየሩ ይቀየራል። የትኛውም አስተማሪ፣ እኔን ጨምሮ፣ ያንን አይተካም።

ግን ሂሳብ እንስራ። በ1969 20 ዓመቱ የነበረ ሰው ዛሬ 70 ተጠግቷል። ቆሞ፣ ደረጃ ወጥቶ ወርዶ፣ በቀን ሶስት ጊዜ ያንን ታሪክ መናገር የሚችልበት ዘመን እያለቀ ነው። ልጆቼ ልጆቻቸውን ይዘው ወደዚያ ሲሄዱ የሚቀበላቸው ማነው? ፎቶውና የመስታወቱ ሳጥን ብቻ ከሆነ፣ አንድ ክፍለ ዘመን ያለፈው ነገር ይመስላቸዋል። ስለ ዝግጅት ባለሙያ ቅጥር ሲወራ እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ይሄ ነው፤ ምስክሮቹ በህይወት ሳሉ አጠገባቸው ተቀምጦ የሚማር ወጣት የለንም። ቀርጾ ማስቀመጥ ብቻ አይደለም የምለው፣ እሱም ይሁን። የምለው ቃላቸውን ተቀብሎ ሳያጋንን፣ ሳያሳጥር፣ እኔ ተገርፌያለሁ ብሎ ሳይተውን፣ ለ15 ዓመት ልጅ ማድረስ የሚችል ሰው ነው። እንዲህ አይነት ሰው ማስታወቂያ በወጣ ማግስት አይገኝም። አምስት ስድስት ዓመት ይፈጃል።

ይህ ሰዓት የሚቆጥረው በእኛ ላይ ብቻ አይደለም። ደቡብ አፍሪካ ሮበን ደሴት ላይ እስር ቤቱን የሚያስጎበኙት የቀድሞ የፖለቲካ እስረኞች ናቸው፤ እነሱም እያረጁ ነው። ኪጋሊ ያለው የዘር ጭፍጨፋ መታሰቢያ ደግሞ ከምስክሮቹ ጎን ለጎን ለተማሪዎች የሰላም ትምህርት ፕሮግራም አለው፤ ልጆቹ አይተው አይወጡም፣ ቁጭ ብለው ይነጋገራሉ። ሩዋንዳ ከእኛ የሚበልጥ ሀብት ስላላት አይደለም።

መነጋገር ለምን እንዳስፈለገ አንድ ነገር ልንገራችሁ። በአንዱ ጉብኝት ላይ አንድ ተማሪዬ የፎቶዎቹ ክፍል በር ላይ ቀረ፣ አልገባም። ቀስ ብዬ ጠጋ አልኩት። "ቲቸር፣ የኔ አያት አብዮት ጥበቃ ነበር" አለኝ፤ ድምጹ የሚሰማ አይደለም። ውስጥ ደግሞ የዴስክ ጓደኛው የሆነች ልጅ የእናቷን አጎት ስም ፎቶዎቹ መካከል እየፈለገች ነበር። ሁለቱ አንድ ቦርሳ እርሳስ የሚካፈሉ ልጆች ናቸው። ሀገሪቱ በሙሉ እንዲህ ነው የተቀመጠችው፤ የገዳይም የሟችም የልጅ ልጅ አንድ ዴስክ ላይ።

እንግዲህ ምን ትሉታላችሁ? "ግባ፣ አትፍራ" ትሉታላችሁ? "አያትህ ወንጀለኛ ነው" ወይስ "ያለፈ ነገር ነው፣ እርሳው"? ለዚህ የሚሆን ምዕራፍ በየትኛውም የመምህር መምሪያ ውስጥ የለም። እኔ ያደረግኩት ቀላል ነገር ነው። ሲጨርሱ ሁሉንም ውጪ ሳር ላይ አስቀምጬ፣ ስም የሌለው ወረቀት ሰጥቼ፣ "ቤት ስትሄዱ ማንን ምን መጠየቅ ትፈልጋላችሁ?" የሚለውን ብቻ አስጻፍኳቸው። ወረቀቱን ማንም አላነበበውም፣ ኪሳቸው ገባ። ልጁ በሳምንቱ መጥቶ አያቱን እንደጠየቃቸው ነገረኝ። "ምን አሉ?" አልኩት። "ሬዲዮኑን ድምጽ ጨመሩ" አለኝ። በቃ፣ ይሄው ነው። ግን ልጁ ከዚያ በኋላ ብቻውን ተመልሶ ሄዶ ክፍሉ ውስጥ ገብቷል።

ሙዚየም ውስጥ ያለ የትምህርት ሰው የሚያስፈልገው ለዚህ ቅጽበት ነው። እኔ ዕድል ሆኖ ልጁን ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ አውቀዋለሁ። የማያውቀው ሰው ግን ምን ማድረግ እንዳለበት መሰልጠን አለበት።

ስለ "ዝግጅት" ደግሞ ሁለት ቃል፣ ምክንያቱም ማስታወቂያው ላይ "ትምህርት" እና "ዝግጅት" ተጣብቀው ነው የወጡት። ግንቦት 10 ዓለም አቀፍ የሙዚየም ቀን ነው፣ ከ1977 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ይከበራል። እኛ ጋ አከባበሩን ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ፣ አንዱን ደግሞ ከውስጥ ሆኜ አዘጋጅቻለሁ። ባነር ይታተማል፣ ቲሸርት ይታተማል፣ ቄጠማ ይጎዘጎዛል፣ ቡና ይፈላል። የክብር እንግዳው 3 ሰዓት ተብሎ 5 ሰዓት ይመጣሉ። ዩኒፎርም የለበሱ ልጆች ሁለት ሰዓት ፀሐይ ላይ ይሰለፋሉ፣ ትንሿ ባንዲራ እጃቸው ላይ፣ ለካሜራ። ንግግር፣ ሪባን፣ ጭብጨባ፣ ምሳ ለተጋባዥ። ልጆቹ? ውሃ ተሰጥቷቸው ወደ አውቶቡስ። አንዲት ልጅ "ቲቸር ውስጡን አናየውም እንዴ?" ብላኛለች። በዚያ ቀን ሰዓት አልቆ ነበር።

ያን ቀን የወጣው የባነርና የምሳ ገንዘብ የአንድ ጀማሪ መምህር የስንት ወር ደመወዝ እንደሆነ ወረቀት ላይ ደምሬ ለኃላፊው አሳይቻቸዋለሁ። "እሱ ሌላ ኮድ ነው" አሉኝ። የበጀት ኮድ ማለታቸው ነው። ለድግስ ኮድ አለ፣ ለአስተማሪ የለም።

ዝግጅት አያስፈልግም አልልም። የካቲት 23 እና የካቲት 12 የመሰሉ ቀኖች ሰው በራሱ ጊዜ ታሪክ የሚያስብባቸው ናቸው፣ እነሱን አለመጠቀም ሞኝነት ነው። ልዩነቱ ልጁ በዚያ ቀን ምን ሲያደርግ ይውላል የሚለው ላይ ነው። ተሰልፎ ከዋለ ያ ማስጌጫ ሆኗል። የራሱን ቤተሰብ ታሪክ ይዞ መጥቶ ለጎብኚ ካስረዳ ግን ዝግጅቱ የእሱ ነው። አንድ ክረምት ላይ ሞክረነዋል። ልጆቹ ከቤታቸው አሮጌ ዕቃ ይዘው እንዲመጡ አደረግን፤ የአያት ሬዲዮ፣ የኩፖን ወረቀት፣ የቀበሌ መታወቂያ፣ የመሰረተ ትምህርት የምስክር ወረቀት። ጠረጴዛ ዘረጋን፣ እያንዳንዱ ልጅ ዕቃው አጠገብ ቆሞ አስረዳ። ወጪው የጠረጴዛ ኪራይ ብቻ ነበር። አንዲት እናት ልጃቸው ስለራሳቸው የመሰረተ ትምህርት ዘመቻ ሲያስረዳ ከኋላ ቆመው ሰምተው "ይሄን መቼ ነገርኩህና?" ሲሉት "ሰርቲፊኬትሽ ላይ ተጽፏል" አላቸው።

ተቃውሞውን አውቀዋለሁ። አንድ የማከብራቸው የሙያ ባልደረባ "ሙዚየም ቅርስ መጠበቂያ ነው፣ ማስተማር የናንተ ፋንታ ነው" ብለውኛል። የዓለም አቀፉ የሙዚየሞች ምክር ቤት ግን በ2022 (እ.ኤ.አ.) ፕራግ ላይ ባጸደቀው የሙዚየም ትርጓሜ ውስጥ ትምህርት በግልጽ ተጽፏል፣ ከመሰብሰብና ከመጠበቅ እኩል። ደግሞስ፣ ለማን ነው የሚጠበቀው? ዕቃውን ከምስጥ አድነነው ከልጆቹ ራስ ውስጥ ከጠፋ ምን አዳንን?

ሌላው ተቃውሞ ፍርሃት ነው፣ እሱ የበለጠ ይገባኛል። በዚህ ዘመን ታሪክ ማስተማር እሾህ ላይ መራመድ ነው። አንዱ ጀግና ያለውን ሌላው ጨፍጫፊ ይለዋል፣ አንድ ቪዲዮ ተቆርጦ ከወጣ ስራህም ሰላምህም ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ ሰው በቃል የተጠና፣ ማንንም የማያስቀይም ንግግር ውስጥ ይደበቃል። እኔም ክፍል ውስጥ ቃል መርጬ ነው የምናገረው፣ አልዋሽም። ግን ልጆቹ የሚጠይቁትን ሙዚየሙ ካልመለሰላቸው ቲክቶክ ይመልስላቸዋል። እዚያ ደግሞ ማንም ቃል አይመርጥም።

ቤቱ እየበዛ ነው፣ ይህ ጥሩ ነው። አንድነት ፓርክ ተከፍቷል፣ የሳይንስ ሙዚየሙ ተከፍቷል፣ የአድዋ ድል መታሰቢያ የካቲት 3 ቀን 2016 ፒያሳ ላይ ተመርቋል። ነገር ግን አራት ኪሎ፣ አምስት ኪሎ፣ ስድስት ኪሎ፣ ፒያሳ፣ መስቀል አደባባይ፤ ካርታውን ዘርግታችሁ እዩት። እኛ ወዲህ ያለነው፣ ከገርጂ እስከ ሰሚት፣ ጎሮ፣ አያት፣ አራብሳ፣ ይሄ ሁሉ ኮንዶሚኒየም፣ ይሄ ሁሉ ትምህርት ቤት፣ በደጃችን አንድ የታሪክ ሙዚየም የለንም። ቅርስ ስለሌለ አይደለም፤ የካ ተራራ ላይ ከአለት የተፈለፈለ ዋሻ ሚካኤል አለ፣ ከክፍሌ ልጆች ስሙን የሚያውቁት ጥቂት ናቸው። አቅም ያለው የግል ትምህርት ቤት አውቶቡስ ተከራይቶ በዓመት ሁለቴ ይሄዳል። የመንግስት ትምህርት ቤት ልጅ ግን የኪራዩን መዋጮ ከየት ያመጣል?

ስለዚህ ልጁ መምጣት ካልቻለ ሙዚየሙ ይምጣ። ሻንጣ ውስጥ የሚገባ ነገር ነው የምለው፤ የዕቃዎች ቅጂ፣ ትልቅ ፎቶዎች፣ የድሮ ጋዜጣ ኮፒ፣ የሚነካ ነገር። አንድ የሙዚየም አስተማሪ በሳምንት ሁለት ትምህርት ቤት ቢዞር በዓመት ስንት ሺህ ልጅ እንደሚያገኝ እናንተው አባዙት። ታሪኩም ከሩቅ መጀመር የለበትም። እኔ ለ9ኛ ክፍል "ቦሌ ኤርፖርት ከመሰራቱ በፊት አውሮፕላን የት ያርፍ ነበር?" የሚል የቤት ስራ ሰጥቼ ነበር። መልሱ ልደታ ነው። በሰፈራቸው ሽማግሌ የጠየቁ ልጆች ከመልሱ አልፈው ቦሌ የማን እርሻ እንደነበር፣ ምን ይዘራበት እንደነበር ይዘው መጡ። አንዱ "ትምህርት ቤታችን ያለበት ጤፍ ነበር" ብሎ ጻፈ፣ ከስሩ ደግሞ "ያረሰው ሰው አሁን ዘበኛችን ነው" ብሎ ጨመረ። ይህንን አንብቤ ወረቀቱን አስቀምጬ ትንሽ ወጣ አልኩ።

አሁን ለአንቺ፣ የኔ ልጅ።

ተወዳደሪ። ደመወዙ ከባንክ እንደሚያንስ እናትሽ ልክ ናቸው፣ ይህን ልሸፍንልሽ አልችልም። እድገቱም ቀርፋፋ ነው። ግን ከመፈረምሽ በፊት ሶስት ነገር ጠይቂያቸው። አንደኛ፣ ስራው የህዝብ ግንኙነት ክፍል ስር ነው ወይስ የጥናት ክፍል ስር? ህዝብ ግንኙነት ካሉሽ ባነር ስታሳትሚ ትኖሪያለሽ፣ አስቢበት። ሁለተኛ፣ በሳምንት ስንት ቀን ከተማሪ ጋር ነኝ? "በበዓል ጊዜ" ካሉሽ ገባሽ አይደል? ሶስተኛው ለእኔ ትልቁ ነው፤ አንድ ርዕሰ መምህር 120 ልጅ ይዞ ሲመጣ "ዛሬ 30 ነው የምቀበለው፣ ቀሪው በሌላ ቀን" ማለት እችላለሁ? ይህን ከፈቀዱልሽ ባንኩን ተዪው። ካልፈቀዱልሽም ግቢና ከውስጥ ሆነሽ ተከራከሪ፣ እንደ ድሮሽ። 10ኛ ክፍል እያለሽ ስለ ዶጋሊ ከኔ ጋር የተከራከርሽውን አልረሳሁትም። እናትሽን ደግሞ አንድ ቀን ይዘሻቸው ሂጂ፤ አስጎብኚ ሆነሽ ሳይሆን ልጃቸው ሆነሽ፣ ፎቶዎቹ ጋ ቁሚና ጠይቂያቸው።

ለሌሎቻችሁ፦ የፊታችን ቅዳሜ 45 ልጆች ይዤ ወደ ቀይ ሽብር ሰማዕታት ሙዚየም እሄዳለሁ። በ15 በ15 ከፍዬ ነው የማስገባቸው፣ ስለዚህ ከእኔ ሌላ ሁለት ሰው ያስፈልገኛል፤ አንዷ ተገኝታለች፣ አንድ ይጎድለኛል። ታሪክ ያጠና ቢሆን ደስ ይለኛል፣ ባያጠናም ዝም ብሎ ማዳመጥ የሚችል ይበቃል። ጠዋት 2፡30 እስጢፋኖስ ባቡር ጣቢያ እንገናኝ። ሰዓት አክባሪ ሁኑ፣ ልጆቹ ፀሐይ ላይ አይቆሙም። የምትችሉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።